የሣር በሽታ የማን በደል ነው?

በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የጁላይ ሌሊት ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልወርድ ሲል፣ ወበቁም አየሩን ሲያከብደው፣ ትናንት ለምልሞ የነበረው የግቢ ሣር ክብ ክብ ቡናማ ቁስል አውጥቶ ያድራል። አንዳንዱ ክብ የአንድ ስንዝር፣ አንዳንዱ የአንድ ሜትር ስፋት አለው። ጤዛው ሳይረግፍ ጎንበስ ብሎ ላየው በቅጠሎቹ መካከል የሸረሪት ድር የሚመስል ቀጭን ክር ተዘርግቶ ይታያል፤ ፀሐይ ስትበረታ ክሩ ይጠፋል፣ ቁስሉ ግን ይቀራል። በዚያ አካባቢ ቤት የያዙ ብዙ ወገኖቻችን የሚያውቁት በሽታ ነው፤ ብራውን ፓች ይሉታል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሣር ነው እንጂ እንጀራ አይደለም። ሆኖም ባለቤቱ ቁስሉን ሲያይ በልቡ የሚመላለሱት ጥያቄዎች ከሣሩ እጅግ ይበልጣሉ። ከየት መጣብኝ? ማን አመጣው? ምን አጥፍቼ ነው? በምን ልግደለው? የሰው ልጅ በወረርሽኝና በሞት ፊት ከጥንት ጀምሮ ሲጠይቅ የኖረው ይህንኑ ነው። አራቱም ጥያቄዎች አንድ ግምት ተሸክመዋል፤ በሽታ ማለት ከውጭ የሚገባ፣ ላኪ ያለው፣ ሲገደልም የሚያልቅ አንድ ነገር ነው የሚል። እኔ ይህ ግምት ስሕተት ነው እላለሁ። በሽታ በራሱ የቆመ ነገር አይደለም፤ በየራሳቸው መልካም በሆኑ ፍጥረታት መካከል የተበላሸ ሥርዐት ነው። ይህን የተቀበለ ሰው ስለ ክፋት ምንጭ የሚያስበውም ይለወጣል፣ በግቢው የሚሠራውም ይለወጣል።

ላኪን መፈለግ የቆየ ልማድ ነው። የጥንት ሮማውያን በየዓመቱ ኤፕሪል 25 ቀን ሮቢጉስ ለሚሉት የዋግ አምላክ ውሻ ይሠዉ ነበር፤ ስንዴው ሳይመታ ቁጣው እንዲበርድላቸው። በመጽሐፍ ቅዱስም ዋግና አረማሞ ጎን ለጎን ተጠርተዋል፤ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 28 ከመርገሞች ጋር ይቈጥራቸዋል፣ አሞጽና ሐጌም ሕዝቡ እንዲመለስ ከተላኩ ተግሣጾች ጋር ያነሷቸዋል። እንዲህ ማሰብን እንደ ድንቁርና የሚቈጥሩ ሰዎች የገበሬውን ኑሮ አላሰቡትም። ዓመት የደከመበት ማሳ፣ የልጆቹ ቀለብ፣ የዕዳው መክፈያ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ በዐይን በማይታይ ነገር ሲበላበት ወደ ሰማይ ቢያንጋጥጥ አይፈረድበትም። ደግሞም በአንድ በኩል አልተሳሳተም፤ የዋግ ዘር በነፋስ ተሳፍሮ በመቶዎች ከሚቈጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት የሚመጣ ነውና በእርግጥም በሰማይ በኩል ነው የመጣበት።

ጥፋቱን ሁሉ ላኪ ላይ መጣል ወዴት እንደሚያደርስ ግን የአየርላንድ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1845 በዚያች ደሴት የድንች ማሳዎች ጠቁረው በሰበሱ። በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃቡና ረሃቡ ባስከተላቸው በሽታዎች አለቀ፤ ከዚያ የማያንስም ተሰደደ። በለንደን ከግምጃ ቤት ሆኖ የእርዳታውን ሥራ ይመራ የነበረው ቻርልስ ትሬቬሊያን ጥፋቱን ጥበበኛና መሐሪ አምላክ ያወረደው ምት አድርጎ ጻፈው። መቅሠፍቱ ላኪ ካለው፣ ላኪውም ሊያርመው የፈለገው ነገር ካለ፣ እጅን ለእርዳታ መዘርጋት የላኪውን ሐሳብ ማደናቀፍ ሊመስል ይችላል፤ የዚህ አስተሳሰብ አደጋው እዚህ ላይ ነው። በእነዚያው ዓመታት በሊቃውንት መካከል ሌላ ክርክር ይካሄድ ነበር። ማይልስ በርክሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ቅጠሉን በአጉሊ መነጽር መርምሮ በ1846 የበሽታው መንሥኤ በቅጠሉ ላይ የሚታየው ሻጋታ ነው አለ። ብዙዎቹ ግን አልተቀበሉትም፤ ድንቹ በብርድና በዝናብ ብዛት አስቀድሞ በስብሷል፣ ሻጋታው የመጣው የበሰበሰውን ሊበላ ነው አሉ። በ1861 ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ የሻጋታውን ዘር በጤነኛ ተክል ላይ በማድረግ በሽታው እንደሚከተል በሙከራ አሳየና ክርክሩ ተዘጋ። የዚያ ሻጋታ ወገን ዛሬ ከእውነተኛ ፈንገስ ተለይቶ ይመደባል፤ ለክርክራችን ግን ይህ ለውጥ አያመጣም።

የደ ባሪ ማስረጃ የማይናወጥ ነው። ሆኖም የተሸነፉት ወገኖች ሁሉንም ተሳስተው አልነበረም። ያለዚያ ዓመት ዝናብና ብርድ ሻጋታው እንደዚያ ባልተስፋፋ ነበር። ድሀው ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር የተከለው አንድ ዐይነት ድንች፣ ከድንቹ ራሱ እየተቈረጠ የሚተከል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ተክል የሌላው ግልባጭ የሆነ ባይሆን ኖሮ አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ባልወደቀ ነበር። ሕዝቡ ከድንች በቀር የሚበላው እንዲያጣ ያደረገው የመሬት ሥሪት ባይኖር የድንች መበስበስ የሰው እልቂት ባልሆነ ነበር። መንሥኤው ሻጋታው ነው ብሎ ማቆም የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ብሎ ከማቆም የተሻለ ነው፤ ግን ሁለቱም ጣታቸውን ወደ አንድ ጥፋተኛ ቀስረው ምርመራውን ይዘጋሉ።

የዕፅዋት በሽታ ባለሙያዎች ዛሬ በሽታን በሦስት ማዕዘን ያስረዳሉ፤ የሚጠቃ ተክል፣ ሊያጠቃ የሚችል ተሕዋስ፣ ለጥቃቱ የተመቸ ሁኔታ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በሽታ የለም። ወደ ግቢው ሣር ተመልሰን ይህን እንፈትነው። ብራውን ፓችን የሚያመጣው ፈንገስ ራይዞክቶኒያ ሶላኒ ይባላል። ይህ ፈንገስ ከጎረቤት አልተሻገረም፤ እንደ ዋግ በነፋስም አልመጣም። ዓመቱን ሙሉ እዚያው አፈሩ ውስጥና ከሣሩ ሥር በተጠራቀመው ገለባ ውስጥ የሚኖር ነው፤ የሞተውን እየበላ ወደ አፈርነት ይመልሳል፣ ክረምቱን እንደ ጠጠር በጠጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች መልክ ያሳልፋል። በጃንዋሪም፣ በኤፕሪልም፣ በኦክቶበርም አለ፤ በሽታ ግን የለም። ከዚያ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፣ ሌሊቱ ሳይቀዘቅዝ ያድራል፣ ቅጠሉም ከ10 ሰዓት በላይ ሳይደርቅ ይቈያል። ባለቤቱ በፀደይ መጨረሻ የበዛ የናይትሮጅን ማዳበሪያ በትኖ ከሆነ ቅጠሉ ፈጥኖ አድጓል፣ ለስላሳና ጭማቂ የበዛበት ሆኗል። ከሥራ ሲመለስ ማታ ውኃ ያጠጣ እንደሆነም የጤዛውን ሰዓት በእጁ አርዝሞታል። ያን ጊዜ ፈንገሱ ከሙት ገለባ ወደ ሕያው ቅጠል ይሻገራል።

ታዲያ በሽታው የት ነው ያለው? ፈንገሱ ውስጥ እንዳንል ክረምቱን ሁሉ ያለ በሽታ ኖሯል። ሣሩ ውስጥ እንዳንል ሥሩና እንቡጡ አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም፤ ሙቀቱ ሲበርድ መልሶ ያቈጠቍጣል። ሙቀት፣ ውኃ፣ ማዳበሪያ ለየብቻቸው የሕይወት ምንጮች ናቸው። አንዱን ብቻ ብናነሣ፣ የማታውን ውኃ ወደ ንጋት ብናዞረው፣ ያው ፈንገስ ከዚያው ሣር ጋር በዚያው ሙቀት ጉዳት ሳያደርስ ወይም ጥቂት ብቻ አድርሶ ሊያልፍ ይችላል። በሽታ ብለን የጠራነውን ነገር ፈልገን ስንሄድ እጃችን ላይ የሚቀረን አንድም ክፉ ፍጥረት የለም፤ የሚቀረን ያለ ቦታቸውና ያለ ጊዜያቸው የተገናኙ መልካም ነገሮች ናቸው።

ይህ በአጉሊ መነጽር ዘመን የተገኘ ሐሳብ እንዳይመስል። አውግስጢኖስ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ስለ እምነት፣ ተስፋና ፍቅር በጻፈው አጭር መጽሐፍ ክፋት በራሱ ህላዌ የለውም፣ የመልካም ነገር ጉድለት ነው ሲል ምሳሌ አድርጎ ያመጣው በሽታንና ቁስልን ነው። እንስሳ ሲድን፣ ይላል፣ በሽታው ወጥቶ ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም፤ ጭራሹን ያልፋል፣ ምክንያቱም ነገር ሳይሆን የጤና መጕደል ነበር። ከእርሱ ቀደም ብሎ የቂሳርያው ባስልዮስ፣ የእኛም ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴ የምታስበው ባስልዮስ፣ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ባደረጋቸው ዘጠኝ ስብከቶች እግዚአብሔር መርዛም ዕፅ ለምን ፈጠረ የሚለውን ጥያቄ አንሥቷል። ሰውን የሚገድለው ዕፅ አንዳንድ ወፎችን ይመግባል፤ ሁሉ ነገር ለአንተ ሆድ አልተፈጠረም የሚል ነው የመልሱ መንፈስ። ባስልዮስ ዛሬ ቢኖር ኖሮ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር የሚያገኘው በዚያው በሜሪላንድ ሣር ውስጥ ነበር። ቶል ፌስኪው የሚባለው ሣር ኬንታኪ 31 በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1943 ለገበሬዎች ከተሠራጨ በኋላ፣ ድርቁንና ተባዩን ሲቋቋም የታየ ቢሆንም በላዩ የተሰማሩ ከብቶች ግን ይታመሙ ነበር፤ ክብደት አይጨምሩም፣ በብርድ ጊዜ ሰኮናቸው ይጎዳል። ምክንያቱ በ1970ዎቹ ታወቀ። በሣሩ ውስጥ፣ በሕዋሶቹ መካከል፣ በውጭ ምንም ምልክት ሳያሳይ የሚኖር፣ ከእናት ሣር ወደ ዘሩ የሚተላለፍ ፈንገስ ተገኘ። ለሣሩ ጋሻ ነው፤ ነፍሳት እንዳይበሉት ይከላከልለታል። ለከብቱ መርዝ ነው። ዛሬ ለግቢ የሚሸጡ አንዳንድ የሣር ዘሮች ይህ ፈንገስ እንዲኖርባቸው ተደርገው ይዘጋጃሉ፤ ለግጦሽ የሚሆኑት ደግሞ ከእርሱ ነጻ እንዲሆኑ ወይም ከብት የማይጎዳ ዐይነቱን እንዲይዙ ይደረጋል። ያው አንድ ፍጥረት በአንዱ አጥር ውስጥ በረከት፣ በሌላው አጥር ውስጥ መርገም ሆኗል።

ክፋቱ በግንኙነቱ ላይ ከሆነ የመጀመሪያው ግዴታ ግንኙነቱን ማወቅ፣ ማለትም ማየት ነው። እዚህ ላይ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ከሚታሰበው በላይ ያስተምራል። ምዕራፉ በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ደዌ ይናገራል፤ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ፣ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ምልክት፤ ብዙ አንባቢዎች ሻጋታ እንደሆነ ይረዱታል። ካህኑ ሳይገባ በፊት ቤቱ ባዶ እንዲደረግ ታዝዟል፤ በውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ አብሮ ርኩስ እንዳይባል። ካህኑ ያያል። ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋል። ተመልሶ ያያል። ምልክቱ ከሰፋ የተያዙት ድንጋዮች ብቻ ወጥተው ግድግዳው ይፋቃል፤ በአዲስ ድንጋይና በአዲስ ጭቃ ይተካል። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንደገና ከወጣ ብቻ ቤቱ ይፈርሳል። ጽሑፉ ደዌውን በቤቱ የሚያኖረው እግዚአብሔር እንደሆነ በግልጽ ይናገራል፤ ያም ሆኖ ካህኑ የቤቱን ባለቤት ምን ኃጢአት ሠራህ ብሎ እንዲጠይቅ አልታዘዘም። የታዘዘው እንዲያይ፣ እንዲጠብቅ፣ ደግሞ እንዲያይ፣ ጥፋትንም የመጨረሻ እንዲያደርገው ነው። ሃይማኖታዊ ምርመራ እንዲህ ዐይነት ትዕግሥት ካለው፣ ቡናማ ሣር ባዩበት ቅጽበት ወደ መደብር ሮጦ የመርዝ ከረጢት የመግዛት ልማድ ከሳይንስም ከሃይማኖትም የራቀ ነው።

የቸኮለ ሰው የሚገድለው ብዙ ጊዜ ያላጠፋውን ነው፤ ቡናማ ሣር ሁሉ ፈንገስ አይደለምና። ውኃ የጠማው ሣር ይገረጣል፣ የረገጡበት ኮቴ ሳይነሣ ይቈያል፣ በቅጠሉ ላይ ግን የቁስል ድንበር የለውም። የውሻ ሽንት መሐሉን አቃጥሎ ዙሪያውን ጥቁር አረንጓዴ ያደርገዋል። የጥንዚዛ እጭ ሥሩን በልቶት ከሆነ ሣሩ ሲጎትቱት እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይነሣል። የማጨጃው ስለት ዶልዱሞ ከሆነ የቅጠሉ ጫፍ ተበጣጥሶ ይነጣል። ፈንገስ ግን ፊርማውን በቅጠሉ ላይ ያኖራል። ብራውን ፓች ቅርጽ የሌለው ገለባማ ቁስል ቀጭን ጥቁር ቡናማ ጠርዝ አድርጎለት ይተዋል። ዶላር ስፖት የሚሉት ቅጠሉን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ መሐሉ የቀጠነ የነጣ ቁስል ያወጣል፤ በሣሩም ላይ ከአንድ ሳንቲም እስከ ጥቂት ጣት የሚሰፉ ብዙ ነጠብጣቦች ይሆናል። ሬድ ትሬድ በቅጠሉ ጫፍ ላይ ቀይና ሮዝ ክር ያበቅላል፤ ዋግ ጫማን ብርቱካናማ ዱቄት ያለብሳል። ዝናብ ካባራ በኋላ ክብ ሠርተው የሚወጡት የጅብ ጥላዎች ደግሞ አብዛኞቹ የተቀበረ እንጨት ወይም አሮጌ ገለባ የሚያበስሉ ናቸው፤ አውሮፓውያን መናፍስት ሌሊት የጨፈሩበት ቦታ ነው ይሉት የነበረው ክብ ይኸው ነው። ሊያይ የሚወድ ሰው የሞተውን የክቡን መሐል ትቶ በሽተኛውና ጤነኛው የሚዋሰኑበትን ዳር ይመርምር፤ ነገሩ እየሆነ ያለው እዚያ ነው። ካልተለየለት ሥሩን ከነአፈሩ ወስዶ ለባለሙያ ማሳየት ነው፤ የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት በሽታ ክሊኒክን የመሰሉ ተቋማት ናሙና ተቀብለው ይመረምራሉ።

ከዚህ ልየታ በኋላ የሚመጣው ሕክምና ነው የክርክሬን እውነትነት ከሁሉ በላይ የሚያሳየው። ብራውን ፓች በናይትሮጅን ብዛት ይበረታል። ዶላር ስፖትና ሬድ ትሬድ በናይትሮጅን እጥረት ይበረታሉ። እንግዲህ ሳይለይ የታመመ ሣር ይመገብ ብሎ ማዳበሪያ የሚጨምር ሰው አንዱን በሽታ ያድናል፣ ሌላውን ያቀጣጥላል። ማዳበሪያ በራሱ ክፉ ነው ወይም መልካም ነው ማለት ስለማይቻል ነው ይህ የሆነው፤ አርስጣጣሊስ ምግባርን በመብዛትና በመጕደል መካከል ያለ ልክ ያደረገው ለሰው ጠባይ ቢሆንም በዚህ አፈር ላይም ይሠራል። የቀረው ሕክምና ሁሉ የዚሁ ልክ ጉዳይ ነው። ሣሩን ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት መተው፣ በአንድ ጊዜም ከርዝመቱ ሲሶ በላይ አለማጨድ፤ ከዝናቡ ጋር በሳምንት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ አጥልቆ፣ ጎሕ ሲቀድ ማጠጣት፤ ነፋስ የሚከለክለውን ቍጥቋጦ መከርከም፤ ዋናውን ማዳበሪያ ሴፕቴምበር እስኪገባ ማቈየት። ከእነዚህ አንዱም ፈንገሱን አይገድልም። ሁሉም የባለቤቱን ሥራ ይለውጣሉ።

አንድ አማኝ ተነሥቶ መጽሐፍ ራሱ ዋግን ከመርገም ቈጥሮት ሳለ አንተ ላኪ የለውም ማለትህ መጽሐፍን መካድ አይደለምን ሊለኝ ይችላል። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። መልሴ እንዲህ ነው፤ ነቢያት ስለ ዋግ ሲናገሩ የሚናገሩት ለራሳቸው ሕዝብ፣ ከነርሱ ጋር በቆመው ቃል ኪዳን ውስጥ፣ ሰሚው ራሱን እንዲመረምር ነው። ሰው የጎረቤቱን ማሳ አይቶ የጎረቤቱን ኃጢአት እንዲያነብ የሰጡት ፈቃድ የለም። እንዲያውም ይህን ማድረግ የለመዱ ሰዎች በወንጌል ሁለት ጊዜ ተገሥጸዋል፤ ደቀ መዛሙርት ስለ ዕውሩ ሰው የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ፣ ደግሞም በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት ዐሥራ ስምንት ሰዎች ሲነሣ። በሁለቱም ቦታ ከመከራ ወደ በደል ወደ ኋላ የሚሰላው ስሌት ተቀባይነት አላገኘም። የኢዮብ ወዳጆችም በመጨረሻ የተወቀሱት በዚሁ ነው። ስለዚህ እግዚአብሔር በፍጥረቱ ላይ ሥልጣን የለውም አልልም፤ የእርሱ ሥልጣን ለእኛ የመካሰሻ ማስረጃ ሆኖ አልተሰጠንም ነው የምለው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከሌላ ወገን የሚመጣ ነው። መርገሙን በፊት በር አስወጥተህ በጓሮ አስገባኸው፤ ቀድሞ ኃጢአትህ ነው ይባል የነበረው ሰው ዛሬ ማታ ስላጠጣህ ነው፣ ማዳበሪያ ስላበዛህ ነው ይባላል፤ ጥፋተኛው ያው እርሱ ነው፣ የተለወጠው ዳኛው ብቻ ነው የሚል። በእርግጥም የጤና ምክር ብዙ ጊዜ ወደ ክስ ይለወጣል፤ በታመመ ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ጭካኔ ነው። ሆኖም መንሥኤ መሆንና በደለኛ መሆን የተለያዩ ናቸው። ፈንገሱና የአየሩ ጠባይ በባለቤቱ እጅ አይደሉም፤ የቀረውም በከፊል ብቻ ነው። ቶል ፌስኪው ከአውሮፓ የመጣ፣ ቀዝቃዛ ወራትን የሚወድ ሣር ነው፤ በዚያ አገር ወበቅ ውስጥ የተተከለው ክረምቱንም በጋውንም ሌላ ሣር በደንብ ስለማይችለው ነው። ስለዚህ ሁሉን በልኩ ያደረገ ሰው ሣርም የሚታመምበት ጁላይ አለ። ያ ሰው ምንም አልበደለም። እኔ የምለው ኃላፊነት ወደ ኋላ ዞሮ ማን ይቀጣ አይልም፤ ከሦስቱ ማዕዘን የቱን መንካት እችላለሁ ብሎ ወደ ፊት ይጠይቃል። ክስ ምርመራን ይዘጋል፤ ኃላፊነት ደግሞ ነገም ተመልሶ እንዲያዩ ያስገድዳል።

ሌላው ደግሞ ይህ ሁሉ የጠገበ ሰው ፍልስፍና ነው ይላል። የግቢ ሣር ቢታመም ማን ይራባል? ስንዴው በዋግ የተመታበትን የአርሲ ገበሬ ክፋት ህላዌ የለውም ብትለው ምን ይጠቅመዋል? በመጀመሪያ፣ ጉድለት ነው ማለት የለም ማለት አይደለም። ረሃብ ራሱ የምግብ አለመኖር ነው፤ ከእርሱ የበለጠ ግን ምን እውን ነገር አለ? ሁለተኛ፣ የገበሬው ታሪክ ክርክሬን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ ቢጫ ዋግ በተነሣ ጊዜ እጅግ የተጎዳው በሰፊው ተዘርቶ የነበረው ኩብሳ የተባለው ስንዴ ነበር። ብዙ ገበሬ በምትኩ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመውን ዲገሉ ዘራ፤ ዲገሉም ሜዳውን ሞላው። በ2013 ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ መጥቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉን መታው። ገበሬው አላጠፋም፤ የተሻለ የተባለውን ዘራ። ያጠፋው አገሩን ሁሉ በአንድ ዘር የማልበስ አሠራር ነው፤ የአየርላንድ ድንች፣ የአርሲ ስንዴና ከአጥር እስከ አጥር አንድ ዘር የለበሰ የግቢ ሣር በዚህ አንድ ናቸው። ሕዝብን የሚያስርበውና ዐይንን የሚያስከፋው በሽታ በክብደት አይገናኙም፤ በአፈጣጠራቸው ግን ልዩነት የላቸውም፤ በቀላሉ የሚታየውን በግቢ የተረዳ ሰው በማሳ ላይ የሚወሰነውን የመረዳት ዕድሉ ይሰፋል።

መርዝን በተመለከተ ፈጽሞ አይነካ አልልም። ቢጫ ዋግ በስንዴው ላይ የታየበት ገበሬ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት በጊዜው ቢረጭ ቀለቡን ያድናል፤ መርጨቱም ተገቢ ነው፣ መድኃኒቱ በጊዜ እንዲደርሰው ማድረግም የመንግሥት ግዴታ ነው። የግቢ ሣር ጉዳይ ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱ የቈሰለውን ቅጠል አያድንም፤ ገና ያልተያዘውን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይጠብቃል፣ ሁኔታው ካልተለወጠም በሽታው ይመለሳል። ዛሬ በሰፊው ከሚሸጡት አንዱ አዞክሲስትሮቢን ነው፤ ሐሳቡ የተቀዳው በጥድ ፍሬ ላይ የምትበቅል አንዲት ትንሽ እንጉዳይ ሌሎች ፈንገሶችን ለማራቅ ከምታመነጨው ንጥረ ነገር ነው። በፈንገስ ላይ የምንዘምትበትን ጦር የሰጠን ፈንገስ ራሱ ነው። የተደጋገመ ርጭት ግን መድኃኒቱን የለመደ ትውልድ ያፈራል፤ የዶላር ስፖት ፈንገስ ለብዙ ዐይነት መድኃኒቶች እንዲህ ሆኗል። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የምድር ትልን ይጎዳሉ፤ ትሉ ደግሞ ፈንገሱ የሚሸሸግበትን ገለባ ወደ አፈር የሚመልስ ሠራተኛ ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 13 እንክርዳዱን አሁኑኑ እንንቀል ያሉት አገልጋዮች የተከለከሉት ስንዴውን አብረው እንዳይነቅሉ ነበር።

ጉዳቱ በአጥር አይወሰንም። ከግቢው የታጠበው ውኃ ወደ ጅረት፣ ከጅረቱ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል። አዞክሲስትሮቢን በውኃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት መርዛም ነው፤ ሜሪላንድ በግቢ ሣር ላይ የሚበተነውን ማዳበሪያ ከ2013 ጀምሮ በሕግ የወሰነችው ለዚሁ ባሕረ ሰላጤ ብላ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2015 ባወጣው ሕግ በግል ግቢ ሣር ላይ አብዛኛውን ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይ እንዳይረጭ ከልክሏል፤ ሕጉ በፍርድ ቤት ክርክር ተነሥቶበት በ2019 በይግባኝ ጸንቷል። ሕጉን የነፃነት ገፈፋ አድርገው ያዩት አሉ፤ ሰው በገዛ ግቢው ምን አለበት ይላሉ። ግቢው ግን ውኃውን ለራሱ አያስቀርም፤ ዓሣውም የሣሩን ማማር አልለመነም። ስለዚህ በእኔ ፍርድ ለዐይን ማረፊያ በተተከለ ሣር ላይ በጁላይ መርዝ ከመርጨት ቡናማውን ክብ ታግሦ ማለፍ ይሻላል። ሴፕቴምበር ሲገባና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የተረፈው ሥር ይበቅላል፤ የሳሳው ቦታ አፈሩ ተበስቶ አየር ከገባበት በኋላ አንድ ሳይሆን ሦስትና አራት ዐይነት፣ በሽታ በመቋቋም የተመሰከረላቸው ዘሮች ተቀላቅለው ይዘሩበታል፤ በቀጣዩ በጋ ፈንገሱ እዚያው አፈር ውስጥ ይኖራል፣ የሚያገኘው ሣር ግን እንደ ቀድሞው አንድ ዐይነት አይሆንም።